ምላስን መቁረጥና ምላስን መግታት



በፈሪጅ አብዱልአዚዝና በአካባቢው የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ አንዲቱን ክፍል ለአራትም ለስድስትም ተካፍላችሁ፣ ከኦርቶዶክስ፣ ከሙስሊምና ከፕሮቴስታንት የአገራችሁ ልጆች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ታድራላችሁ። አንድ ምድጃ፣ አንድ ማጀት፣ አንድ የቤት ኪራይ ያገናኛችኋል። ስልካችሁን ስትከፍቱ ግን ሌላ ዓለም ይጠብቃችኋል። አንዱ ሰባኪ የሌላውን እምነት ያንቋሽሻል፤ ሌላው በስድብ ይመልስለታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከእንግዲህ ዝም የሚል ሰው ከወገን አይቈጠርም ብሎ ይዝታል። በዚህ ምክንያት ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይቀርቡልኛል። አንዳንዶቻችሁ «አባ፣ እንዲህ ያለው ንግግር ለምን አይከለከልም?» ትላላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ሃይማኖታችን ሲሰደብ ዝም ማለታችን ክህደት አይሆንብንም ወይ?» ትላላችሁ።

መልሱን ከሕግ መጽሐፍ ከመፈለግ በፊት ከገዛ ታሪካችን መጀመር ይሻላል። አገራችን ስለ እምነት የተናገረን ሰው መቅጣት የጀመረችው ትናንት አይደለም። የቅጣቱም ታሪክ የሌሎች ታሪክ ብቻ አይደለም፤ እኛ ካቶሊካውያን የተገፋንበት ዘመን እንዳለ ሁሉ የገፋንበትም ዘመን አለ። ሁለተኛውን ሳይናገር የመጀመሪያውን ብቻ የሚተርክ ካቶሊካዊ የታሪኩን ግማሽ ደብቋል። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።)

በ15ኛው መቶ ዓመት በትግራይ አባ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኩሴ ተነሡ። እርሳቸውና ደቀ መዛሙርታቸው ስግደት የሚገባው ለአንዱ አምላክ ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው ለንጉሥ አንሰግድም አሉ፤ ለመስቀልና ለእመቤታችን መስገድንም እንቢ አሉ። ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ ነገረ መለኮት የሚጽፉ፣ ለእመቤታችን ልዩ ፍቅር የነበራቸው ንጉሥ ነበሩ። ነገሩ በጉባኤና በክርክር ቢጀመርም የተቋጨው በግርፋት፣ በግዞት፣ አፍንጫና ምላስ በመቁረጥ ሆነ። አባ እስጢፋኖስም በግዞት አረፉ።

እዚህ ላይ እንድታስተውሉ የምፈልገው ነገር አለ። እኛ ካቶሊካውያን እመቤታችንን እናከብራለን፤ በመስቀሉም ፊት እንሰግዳለን። ስለዚህ በትምህርቱ ጉዳይ የምንቀርበው ለንጉሡ እንጂ ለመነኮሳቱ አይደለም። ነገር ግን የእመቤታችን ክብር ምላጭ አላስፈለገውም ነበር። ደቂቀ እስጢፋኖስም በቅጣቱ አልጠፉም፤ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም ዙሪያ ጸንተው ኖሩ፣ እስከ ዛሬ የሚደነቁ የብራና መጻሕፍትንም ትተውልን አለፉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የእነዚህን መነኮሳት ገድል ከግዕዝ ወደ አማርኛ ሲመልሱ ለመጽሐፉ «በሕግ አምላክ» የሚል ስም ጨምረውለታል። ይህን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በአገራችን መንገድ ላይ አንድ ሰው በትሩን ሲያነሣ የተጠቃው፣ ወይም በዚያ ያለፈ ማንም ሰው፣ «በሕግ አምላክ!» ካለ እጅ ሁሉ ይገታ ነበር። መነኮሳቱ ይህን የሚልላቸው አላገኙም።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ ልምጣ። ኢየሱሳዊው አባ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 አገራችን ገቡ። በአድዋ አቅራቢያ በፍሬሞና ተቀምጠው ግዕዝንና አማርኛን ተማሩ፤ ሕፃናትን አስተማሩ፤ ወደ ቤተ መንግሥትም ተጠርተው ከሊቃውንቱ ጋር ተከራከሩ። ትዕግሥት የነበራቸው፣ የአገሩን ቋንቋና ወግ ያከበሩ ካህን ነበሩ። ይሁንና ከመጀመሪያው ጀምሮ ክርክሩ በቤተ መንግሥት የተካሄደ ክርክር ነበር፤ ስለዚህም የቃሉ መጨረሻ ሁልጊዜ ወደ ጦሩ ያዘነብል ነበር። ለካቶሊካዊት እምነት ያዘነበሉት ዐፄ ዘድንግል በ1604 ተገደሉ። ያመፁባቸውን ወታደሮች ለንጉሡ ከገቡት መሐላ የፈቷቸው ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ ነበሩ። ይህን ነገር አስታውሱት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1607 ዐፄ ሱስንዮስ ነገሡ። ንጉሡ የፓኤዝ ትምህርት በእውነት ማርኳቸው እንደ ነበር አምናለሁ፤ ከፖርቱጋል ወታደር ለማግኘት ተስፋ ማድረጋቸውም እውነት ነው። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። በ1617 አቡነ ስምዖን ከዐመፀኞቹ ጋር ተሰልፈው በጦርነት ወደቁ። በ1622 ንጉሡ ካቶሊካዊነታቸውን በይፋ ገለጡ፤ በዚያው ዓመት አባ ፓኤዝ ዐረፉ። በእርሳቸው ቦታ የመጡት ፖርቱጋላዊው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ሌላ ዓይነት ሰው ነበሩ። በየካቲት 11 ቀን 1626 በዳንቃዝ ንጉሡ፣ መኳንንቱና ካህናቱ ተንበርክከው ለሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለመታዘዝ ማሉ።

ከዚያ በኋላ የወጡትን ትእዛዛት ስታነቡ፣ የዚያን ጊዜ ምእመን ሆናችሁ አንብቧቸው። ካህናቱ ክህነታቸው ስላጠራጠረ እንደገና ይቀቡ ተባለ። ሕዝቡም እንደገና ይጠመቅ ተባለ። አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ፣ የቅዳሜ ሰንበት ይቅር፣ ግዝረት ይቅር፣ ቅዳሴውም በሮማ ሥርዓት ይታረም ተባለ። ከ1,200 ዓመት በላይ ክርስቲያን ሆኖ ለኖረ ሕዝብ፣ የአያቱ ጥምቀት አጠራጣሪ ነው ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት። በመቃብር ያሉትን ሁሉ መንካት ነው። ሜንዴስ በራሳቸው ዓይን የሚያደርጉት እውነትን ማስተማር ብቻ ነበር፤ ማንንም እየሰደቡ አልመሰላቸውም። ሰሚው ግን የሰማው ስድብ ነበር፤ ከስድቡም በስተ ጀርባ የንጉሥ ጦር ቆሞ ነበር።

በዚያ ዘመን ከተናገሩት ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያስገርሙኝ ወለተ ጴጥሮስ ናቸው። በ1592 ከመኳንንት ወገን ተወለዱ፤ የወለዷቸው ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው፤ ባላቸው መልክአ ክርስቶስ የሱስንዮስ አማካሪና የጦር አለቃ ነበሩ። ወለተ ጴጥሮስ ግን ትዳራቸውንና ክብራቸውን ትተው መነኰሱ፤ ከቦታ ወደ ቦታ እየዞሩም ሕዝቡ አዲሱን እምነት እንዳይቀበል በግልጥ አስተማሩ። በንጉሡ ሸንጎ ፊት ቀረቡ። ፓትርያርክ ሜንዴስም ሊያሳምኗቸው ብዙ ሞከሩ፤ አልተሳካላቸውም። በመጨረሻ ወደ ምዕራብ ጠረፍ፣ ዠበይ ወደሚባል ሞቃት በረሃ ለሦስት ዓመት ተጋዙ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ ታከብራቸዋለች፤ ገድላቸውም በ1672 ገላውዴዎስ በተባለ መነኩሴ እጅ ተጽፏል። ለሚያነብ ካቶሊካዊ ገድሉ ቀላል ንባብ አይደለም፤ ስለ እምነታችን የሚለው ቃል ከባድ ነው። እኔ ግን በትዕግሥት እንድታነቡት እመክራለሁ። የኃያላኑን ሃይማኖት በሥልጣን ከታች ሆኖ የሚያየው ሰው ምን እንደሚያይ ያሳያልና።

እኒህ ሴት ምን አደረጉ? ተናገሩ። ሰይፍ አላነሡም፤ ጦርም አልመሩም። ሆኖም ካቶሊካዊ ፓትርያርክ በተቀመጠበት መንግሥት አንዲት መነኩሲት በመናገራቸው ብቻ ወደ በረሃ ተላኩ።

ከ1629 ጀምሮ ላስታ ሸፈተ። የሸፋቹ መሪ ስም ደግሞ መልክአ ክርስቶስ ነው፤ ከወለተ ጴጥሮስ ባል ጋር እንዳታምታቱት። በሰኔ 1632 በወይና ደጋ በተደረገው ውጊያ ንጉሡ ድል አደረጉ፤ 8,000 ያህል ሰው ሞቶ ሜዳውን ሸፈነው። በባህል እንደሚተረከው፣ ንጉሡ በሬሳው መካከል ሲያልፉ ቅርቦቻቸው እነዚህ አረመኔዎች ወይም ባዕዳን ሳይሆኑ የገዛ ወገኖቻቸው፣ ክርስቲያኖች መሆናቸውን ነገሯቸው። በዚያው ወር ሱስንዮስ የቀድሞው እምነት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፣ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በመስከረም ዐረፉ፤ በካቶሊካዊ እምነታቸውም ጸንተው ሞቱ።

ሰይፉ እጅ ለወጠ እንጂ ወደ ሰገባው አልተመለሰም። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ። ተደብቀው የቀሩት ታደኑ፤ ጳጳሱ አፖሊናር ደ አልሜይዳ በ1638 ተገደሉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 7 ቀን ሁለቱ ፈረንሳውያን ካፑቺኖች፣ አባ አጋታንጅ ዘቫንዶምና አባ ካሲያን ዘናንት፣ በጎንደር ተሰቀሉ። የተሰቀሉትም በገዛ መታጠቂያ ገመዳቸው ነው። እኒህ ካህናት በግብጽ ከቅብጦች ጋር በወዳጅነት ለመሥራት የጣሩ ሰዎች ነበሩ፤ የሜንዴስን ትእዛዛት አላወጡም። ያለፈው ዘመን ዕዳ ግን በእነርሱ ላይ ወደቀ። ቤተ ክርስቲያናችን በ1905 ብፁዓን ብላ ሰየመቻቸው።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ይኸው ታሪክ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተደገመ። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ ተወለዱ። አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ በሌላው ዓይናቸው ግን የአገሩን መጻሕፍት ሁሉ ያሰሱ መነኩሴ ነበሩ። በ1841 ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብጽ ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ ነበሩ፤ ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ጋር እስከ ሮም ተጓዙ። በዚያ መልእክት የመጡት ጳጳስ አቡነ ሰላማ ናቸው። አባ ገብረ ሚካኤል በ1844 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ፣ በ1851 ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። ያሳሰሯቸውም እኒያው አቡነ ሰላማ ሆኑ። በ1855 በአዲሱ ንጉሥ በዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ቀርበው ተገረፉ፤ እምነታቸውን ግን አልለወጡም። ሞት ተፈረደባቸው፤ በቦታው የነበሩት የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደንና ሌሎችም ስለ ለመኑላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊቱ ኋላ እየተጐተቱ በዚያው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ ዐረፉ። አቡነ ሰላማስ? በኋላ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተጣልተው ራሳቸው ታሰሩ፤ በ1867 በመቅደላ ዐምባ በእስር ላይ እንዳሉ ዐረፉ። እምነትን እንዲጠብቅ የጠሩት እጅ እርሳቸውንም ያዛቸው።

የቦሩ ሜዳውን ጉባኤ በአጭሩ ልለፈው፤ የታወቀ ነውና። በ1878 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ፤ እሺ ካላሉት መካከልም ምላሳቸው የተቈረጠ እንደ ነበሩ ይተረካል። የወሎ ሙስሊም መኳንንት ተጠመቁ፤ ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ። ያልተቀበሉት በሼክ ጦልሃ መሪነት ሸፈቱ፤ ወሎም ብዙ ዘመን ደም አፈሰሰች።

ከዘርዐ ያዕቆብ እስከ ዮሐንስ ድረስ ያለውን ስናይ ነገሥታቱ ሁሉ ስለ ንግግር ወሰን ነበራቸው። ወሰን አልነበረም የሚል ይሳሳታል። ጥፋቱ ወሰኑ የተተከለበት ቦታ ነው። በትምህርት የተሳሳተ የመሰላቸውን ምላስ ቈረጡ፤ ሰውን ወደ ሰው ላይ የሚያዘምተውን ምላስ ግን አልነኩትም፤ እንዲያውም ጉዳያቸውን ሲያግዝላቸው ሸለሙት። በ1604 ወታደሮችን ከመሐላቸው የፈታው ቃል የሃይማኖት ክርክር አልነበረም፤ የመግደል ፈቃድ ነበር። በዳንቃዝ የታወጀው ዐዋጅም ስብከት ብቻ አልነበረም። ወለተ ጴጥሮስ የተናገሩት ግን የእምነት ምስክርነት ነበር። መንግሥታቱ ይህን ምስክርነት ወንጀል አደረጉት፤ ያንን የመግደል ፈቃድ ደግሞ የሃይማኖት ቅናት ብለው ጠሩት።

በዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የተማረ ሁሉ «ስሕተት መብት የለውም» የሚለውን የቈየ አነጋገር ያውቀዋል። የቫቲካን 2ኛ ጉባኤ በታኅሣሥ 7 ቀን 1965 ዲግኒታቲስ ሁማኔ የተባለውን ሰነድ ሲያጸድቅ ጥያቄውን ከሥሩ ለወጠው። መብት ያለው ሐሳብ ሳይሆን ሰው ነው፤ የተሳሳተውም ሰው ጭምር። ማንም ከኅሊናው ውጭ እንዲያምን አይገደድም፤ በሕዝብ ሰላም ፍትሓዊ ወሰን ውስጥም ሆኖ እንደ ኅሊናው ከመመላለስ አይከለከልም። ጉባኤው ከዳንቃዝ መሐላ 339 ዓመት በኋላ የደረሰበት እውነት ነው፤ የስንዴውና የእንክርዳዱ ምሳሌ ግን ከመጀመሪያው በእጃችን ነበር። ጌታችንም ያልተቀበሏቸውን ሳምራውያን በእሳት ሊያጠፉ የፈለጉትን ሁለቱን ወንድማማቾች ዞር ብሎ እንደ ገሠጻቸው በወንጌለ ሉቃስ ተጽፏል።

ታዲያ ዛሬ የምንሠጋው ምላስ የትኛው ነው? በመጋቢት 2011 በጅማ ዞን በአሰንዳቦ ቅዱስ ቁርኣን ተደፈረ የሚል ወሬ ተነዛ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ50 በላይ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ሸሹ። በታኅሣሥ 2019 በምሥራቅ ጎጃም በሞጣ ከተማ በቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሣ መባሉን ተከትሎ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆች ተዘረፉ። በሚያዝያ 2022 በጎንደር በአንድ የእስልምና አባት የቀብር ሥርዓት ላይ በድንጋይ የተነሣ ጠብ ወደ ግድያ ተለወጠ፤ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ከጎንደር እጅግ ርቃ በምትገኘው በስልጤ ዞን በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ከጎንደር ወራቤ ድረስ የሄደው ሰው አልነበረም፤ ወሬ ነው የሄደው። የወራቤ ክርስቲያን ጎንደር ላይ ድንጋይ አላነሣም። የሞጣ ሙስሊምም በአሰንዳቦ አልነበረም። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ የነገረ መለኮት ክርክር ማንንም አልገደለም፤ የገደለው «ተነሡ» የሚለው ቃል ነው።

ስድብ ነው የአመፅ ምንጭ፣ ስድብን ብናጠፋ ሰላም ይሆናል የሚሉም አሉ። 2015ን ተመልከቱ። በጥር 7 ቀን በፓሪስ በሻርሊ ኤብዶ ጋዜጣ ቢሮ፣ የእስልምናን ነቢይ ሥዕል አሣልቀው አሳትመዋል ተብለው 12 ሰዎች ተገደሉ። በሚያዝያ ወር ደግሞ በሊቢያ ምድር 30 ያህል ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በዳዒሽ እጅ ታረዱ፣ በጥይትም ተገደሉ። እነዚህ የእናንተው ዓይነት ሰዎች ነበሩ፤ ሥራ ፍለጋ የወጡ። አንዳቸውም ሥዕል አልሣሉ፤ ማንንም አልሰደቡ። አክራሪነት ስድብን ምክንያት ያደርጋል እንጂ ስድብ አይወልደውም፤ ሌላው ሰው በመኖሩ ብቻ ተሰድቤያለሁ ብሎ የሚያምን መንፈስ ነውና።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቺስኮስ ከፓሪሱ ግድያ ከስምንት ቀን በኋላ፣ ከኮሎምቦ ወደ ማኒላ ሲበሩ ተጠይቀው ሐሳብን መግለጽ መብትም ግዴታም ነው፤ በእግዚአብሔር ስም መግደል ከቶ አይቻልም፤ የሌላውንም እምነት መስደብ አይገባም ብለው ነበር። እናቱን የሰደበ ሰው ቡጢ ይጠብቀዋል የሚል ምሳሌም ጨመሩ። በአክብሮት ልናገር፣ ምሳሌው ለእኔ አልተመቸኝም። የእናት ስድብ በአገራችን ስንት ሰው እንዳጋደለ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ያንን ቡጢ እንደ ፈቃድ ሊሰማው ይችላል። በሚያዝያ ግን፣ ስለ ሊቢያ ሟቾች ለፓትርያርክ አቡነ ማትያስ በላኩት መልእክት፣ ሰማዕታቱ ካቶሊካውያን ይሁኑ ቅብጦች፣ ኦርቶዶክስ ይሁኑ ፕሮቴስታንት ደማቸው አንድ ነው አሉ። ከሮም ወደ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የተላከ ይህን የመሰለ ቃል በሜንዴስ ዘመን ቢሰማ ኖሮ ስንት ነገር በተለወጠ!

የአገራችን ሕግም ወሰን ለመትከል ሞክሯል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ሲያጸና የጦርነት ቅስቀሳንና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ ንግግርን ይከለክላል። በ2020 የወጣው የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው ዐዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ የጥላቻ ንግግርን እስከ ሁለት ዓመት፣ ጥቃት ካስከተለ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ለትምህርት፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖታዊ አስተምህሮም ቦታ ይተዋል። ይህን መተዉ መልካም ነው። ሕጉን የሚያስፈጽመው እጅ ግን ያው የመንግሥት እጅ ነውና፣ የመቅደላን ዐምባ ያየ ሰው ሙሉ እምነቱን በዐዋጅ ላይ አይጥልም።

በምትኖሩባት በቀጠርም ነገሩ አለ። በመጋቢት 2005 እዚሁ ዶሃ፣ በአንድ የቲያትር አዳራሽ ላይ በመኪና የተጠመደ ቦምብ ፈንድቶ አንድ ሰው ገደለ። በመጋቢት 2008 በመሰይሚር፣ አሚሩ በሰጡት ቦታ ላይ የተሠራው የመቁጠሪያ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሲባረክ ደግሞ በአገሩ ጋዜጦች ክርክር ተነሥቶ ነበር። ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ ይቅረብ ያሉ ነበሩ። በአንጻሩ በቀጠር ዩኒቨርሲቲ የሸሪዓ ኮሌጅ ዲን የነበሩት አብዱልሐሚድ አል አንሳሪ ለቤተ ክርስቲያኑ ተሟግተው ጻፉ። ሁለቱም ወገን ተናገረ፤ ቤተ ክርስቲያኑም በውጭ መስቀልና ደወል ሳይኖረው ተከፈተ። ያ ክርክር በቃል ተጀምሮ በቃል ቀረ። የቀጠር የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 256 የእስልምናን ብቻ ሳይሆን የክርስትናንና የአይሁድን እምነት መስደብንም እስከ ሰባት ዓመት እስራት በሚደርስ ቅጣት ይከለክላል። ስለዚህ በቀልድም ይሁን በቁጣ የምታጋሩት ቪዲዮ ለእናንተ ቀላል ነገር አይደለም፤ መኖሪያ ፈቃዳችሁን፣ አገር ቤት የሚጠብቁትንም እናትና ልጆች ይነካል።

ነገር ግን ፈርታችሁ ብቻ ዝም እንድትሉ አልጽፍም። በመጀመሪያ ላይ ለቀረበው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። እምነታችሁን ለሚጠይቃችሁ የክፍል ጓደኛ በግልጥና በትሕትና መልሱ፤ አለማወቃችሁን ካያችሁ ትምህርተ ክርስቶስን ተማሩ። ሰባኪው ትምህርታችንን ስሑት ካለ ይበል፤ ይህን መብቱን አንነጥቀውም፤ እኛም የእርሱን ትምህርት አንቀበልም ስንል እንዲሁ ነው። «ቤታቸውን፣ መቅደሳቸውን፣ መስጊዳቸውን…» የሚል ቃል የሰማችሁ እንደ ሆነ ግን፣ ተናጋሪው ካቶሊካዊም ቢሆን፣ የራሳችሁ ነገድ ልጅም ቢሆን፣ ያ ቃል ከእናንተ ስልክ ወደ ሌላ ስልክ አይለፍ። በክፍላችሁ ውስጥም የሚደግፈው ካለ፣ እንደ አባቶቻችሁ «በሕግ አምላክ» በሉት።

በነሐሴ መጨረሻ የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን መታሰቢያ ስናከብር አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በዚያ ቀን በምታደርሱት የመቁጠሪያ ጸሎት፣ በወይና ደጋ ሜዳ የወደቁትን የሁለቱን ወገን ሙታን፣ በጉንዳ ጉንዶ መነኮሳት መካከል ምላሳቸው የተቈረጠውን፣ በጎንደር የቀብር ሥርዓት ላይ የሞቱትን ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች፣ በሊቢያ በረሃ የቀሩትን ልጆቻችንን አስቡ። ወለተ ጴጥሮስንም አስቧቸው፤ በእኛ ሰዎች እጅ ወደ ዠበይ የተላኩ ናቸውና።